ስለ ፊልሞን የተነገረው

ሔኖክ ደውሎ «ስለ ፊልሞን የምትናገሪው አንቺ ነሽ» ሲለኝ መድኃኒት ቤቴ በሰው ተሞልቶ ነበር። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ምኑን እሺ እንዳልኩ የገባኝ ደንበኞቼ ቀለል ካሉልኝ በኋላ ከመደርደሪያው ጀርባ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ነው።

ከትምህርት ቤት ከወጣን ሃያ አምስት ዓመት አልፎናል። ባለፈው ዓመት አንዱ ተነሥቶ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተና ተበታትነን የኖርነው ሰዎች አንድ በአንድ ተሰባሰብን። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ አስፈትቶን ነበር። የድሮ ፎቶ ያለው ይለጥፋል፤ «ይሄ ጎፈሬው ማነው?» ይባላል፤ አሁን ራሱ የተመለጠ አንድ ዳኛ «እኔ ነኝ» ብሎ ብቅ ይላል። እንዲህ ስንሳሳቅ ከርመን አንድ ቀን አንዷ «ሸዋንግዛው የት ገባ?» ብላ ጠየቀች። በመጨረሻ አንድ ሰው ከሞተ ቆየ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሌሎቹም ስም መምጣት ጀመረ። ግማሾቹን ሰምተናል፤ ግማሾቹን ያን ቀን ነው የሰማነው።

ሔኖክ ድሮ የክፍል አለቃችን ነበር፤ ዛሬ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ያስተዳድራል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። በጥር ትምህርት ቤታችን ግቢ እንድንሰበሰብ፣ የሞቱት ልጆች ቤተሰቦች እንዲጠሩ፣ ስለ እያንዳንዱም አንድ አንድ ሰው እንዲናገር ወሰነ። ፊልሞን ለእኔ የደረሰው ጎረቤታሞች ስለነበርን ነው።

ፊልሞን ቀጭን፣ ጠይም፣ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ነበር። ከጠሀ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው። መምህር ከቀረ ክፍሉን የሚይዘው እሱ ነው፤ ሰሌዳው ፊት ይቆምና ርእሰ መምህሩን፣ የስፖርት አስተማሪውን፣ በር ላይ ቆሎ የምትሸጠውን ሴትዮ አንድ በአንድ ይሆናል። ከሁሉም ግን የሚያስቀን አባቱን ሲሆን ነበር።

አባቱ አቶ ታምሩ አሮጌው መናኸሪያ ውስጥ መኪኖቹን ተራ እያስያዙ የሚያስወጡ የስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። ድምፅ ማጉያ አያስፈልጋቸውም። «የዲላ!» ካሉ እንኳን ተሳፋሪው ከአጥር ውጭ ያለው ሊስትሮም ቀና ይላል። ደግሞ አንድ አባባል ነበራቸው፤ የሚናገሩትን ሁሉ «በመጀመሪያ ደረጃ» ብለው ይጀምራሉ፤ ወደ ሁለተኛው ግን ደርሰው አያውቁም። ፊልሞን «አባቴ የመጀመሪያ ደረጃን ጨርሶ ሁለተኛ ደረጃ ሳይገባ ቀረ» እያለ በሳቅ ይገድለን ነበር።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ቅየሳ ተማረ። ከመንገድ ሥራ ጋር ከአገር አገር ሲዞር ቆይቶ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ። እናቱ ወይዘሮ ሙሉጌጥም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ጠሀ እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የመጋረጃና የምንጣፍ ሱቅ አለው። አቶ ታምሩን ልንጠራ እንሂድ ስለው ሱቁን ለሠራተኛው ትቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ መጣ። ባጃጅ ይዘን ወደ ድሮው ሰፈራችን፣ ወደ ምሥራቅ ሄድን። በሩን የከፈተችልን አብራቸው የምትኖረው የእኅታቸው ልጅ ካሰች ነች። እሳቸው ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ሬዲዮ እየሰሙ ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አንሷል። ያ መናኸሪያ የሚሞላው ድምፅም ሳስቷል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የአልማዝ ልጅ ሩሀማ ነኝ፣ ጋሼ። ይሄ ጠሀ ነው፤ ከፊልሞን ጋር ይቀመጥ የነበረው።»

የጠሀን እጅ ይዘው ቆዩ። «ጠሀ» አሉ፤ «ስምህ እኮ ከዚህ ቤት ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ለእናቱ ሲነግራት ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ጠሀ እንዲህ አለ፣ ጠሀ እንዲህ አደረገ።»

ካሰች ከዛፉ የወረደውን አቮካዶ ጨምቃ አመጣችልን። ስለ ዝግጅቱ ነገርናቸው። በጥሞና ሰሙንና «ምን ልትሉ ነው ታዲያ?» አሉ።

«ጎበዝ ተማሪ እንደነበረ፣ ሰው አክባሪ፣ ቅን ልጅ እንደነበረ እናገራለሁ» አልኳቸው።

«እሱስ እውነት ነው።» ሬዲዮኑን ዘጉት። «ቤት ውስጥ ግን ብዙ አይናገርም ነበር። እኔ ስገባ እሱ መጽሐፉን ይዞ ይወጣል። ከሰው ጋር ሲሆን እንዴት ነበር?»

ጠሀ ሊናገር ሲል ዐይን ዐይኑን አየሁት።

«ተጫዋች ነበር» አልኩ እኔ።

«ተጫዋች» አሉና የምጨምረው ካለ ጠበቁኝ። አልጨመርኩም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጠሀ «ለምን አልነገርናቸውም?» አለኝ።

«ምን ብለን? ልጅዎ በእርስዎ ያሾፍ ነበር ብለን?»

«ማሾፍ አልነበረም።»

«እኛ ግን ስቀናል። ደግሞ እናቴ እንደነገረችኝ ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆሙት። ሁለተኛ ደረጃ ሳይገባ ቀረ የሚለውን እንዴት አድርገህ ትነግራቸዋለህ?»

ጠሀ ይህን አያውቅም ነበር። ሱቁ እስክንደርስ ድረስ ከባጃጁ ውጭ ውጭውን ሲያይ ቆየ።

የዝግጅቱ ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። የእኛ ክፍሎች ከአዲሱ ፎቅ ጀርባ አሁንም አሉ፤ ቆርቆሯቸው ዝጓል፤ ጣሪያቸው ላይ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቆቹ የሐይቅ ወፎች ቆመዋል። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ተቃቅፈን ሳንጠግብ ሔኖክ በሙሉ ልብሱ ማይክራፎን ይዞ «እባካችሁ ተቀመጡ» ማለት ጀመረ፤ ልክ እንደ ድሮው። አቶ ታምሩ ግራጫ ኮትና ክራባት አድርገው ከካሰች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው የሸዋንግዛው እኅት አለች።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ሸዋንግዛው ትሑትና ታታሪ እንደነበረ ተናገረ። ቀጣዩም ስለ ሌላዋ ልጅ ያንኑ አለ። ሦስተኛው ሲናገር ሟቾቹ ሁሉ አንድ ሰው መምሰል ጀመሩ። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩትን አየሁት፤ ከእነሱ የተለየ ነገር የለበትም። ሌላ ስላልነበረኝ አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ። ወደ ወንበሬ ልመለስ ስል አቶ ታምሩ እጃቸውን እንደ ተማሪ አወጡ።

«ልጄ፣ ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። «ግን ይሄንኑ በቀብሩም ላይ አንብበውልኛል። እኔ የመጣሁት የማላውቀው ነገር ካለ ልሰማ ነው። ልጄ እዚህ ሲውል ምን ያደርግ ነበር?»

ሔኖክ ወደ ማይክራፎኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። እኔ ወረቀቴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝና ዞር ስል ጠሀ ተነሥቷል። እንዳይናገር ራሴን ነቀነቅሁለት። አይቶኛል፤ ግን መጣ።

«ጋሼ፣ ይቀየሙናል ብለን ፈርተን ነው» አለ።

«ንገረኝ።»

«እርስዎን ይሆን ነበር።»

«እኔን?»

«አዎ። መምህር ሲቀር ሰሌዳው ጋ ቆሞ እርስዎን ይሆንልን ነበር።»

«አድርገህ አሳየኝ» አሉ።

ጠሀ በሰው ፊት መናገር የማይወድ ሰው ነው። የልጁ ሠርግ ላይ እንኳ ወንድሙ ነው ያመሰገነለት። ኮቱን ቆለፈ፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ፤ አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገና «በመጀመሪያ ደረጃ!» አለ።

ድምፁ ግቢውን ሞላው። ጣሪያው ላይ ያሉት አባ ኮዳዎች ተነሡ።

«በመጀመሪያ ደረጃ፣ የዲላ ተሳፋሪ ከሆንክ የሻሸመኔ መኪና ላይ ማን አስቀመጠህ? በመጀመሪያ ደረጃ፣ ይሄ ፍየል የማነው? ትኬት አለው? ሹፌር፣ በመጀመሪያ ደረጃ፣ ጠጅህን ጨርሰሃል ወይስ ልጠብቅህ?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም። ያን ሁሉ ዓመት አልሰማነውም ነበር፤ ግን አንዷም ቃል አልጠፋችንም። ጠሀ ትንፋሽ ሲወስድ ቀጥሎ የሚመጣውን ከኋላ የሚያስታውሱት ነበሩ። እኔም ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ቆሞ የሚናገረው የአርባ አምስት ዓመቱ ጠሀ ነው፤ የምሰማው ግን ፊልሞንን ነበር። ዞር ብዬ አቶ ታምሩን ሳያቸው አይስቁም። ካሰች ክንዳቸውን ይዛለች። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

እሳቸው ተነሥተው ወደ ጠሀ ሄዱ።

«እጅህ» አሉት።

«ጋሼ?»

«እኔ እጄን ወደ ኋላ አላደርግም ነበር። በግራ እጄ የመውጫ ወረቀት እይዛለሁ፤ እንዴት ብዬ ወደ ኋላ አደርገዋለሁ? እሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው።» «አይቼዋለሁ እኮ።»

ሔኖክ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም፤ መደገፊያውን ይዘው ቆሙ።

«የፈተና ሰሞን ነው» አሉ። «እስክሪብቶውን ረስቶ ሄደ። ላቀብለው መጣሁ። ዘበኛው ክፍሉን አሳየኝና በመስኮት ስመለከት መምህር የለም። ልጄ ፊት ለፊት ቆሞ እኔን ሆኗል። እናንተ ዴስኩ ላይ ተደፍታችሁ ትንፈራፈራላችሁ።»

«ተናደዱ?» አለ ጠሀ።

«በመጀመሪያ ደረጃ...» ብለው ጀመሩ። ሰዉ ሊይዘው ያልቻለው ሳቅ አመለጠው፤ እሳቸውም ምን እንዳሉ ሲገባቸው ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ቆዩና ዐይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«አፈርኩ። ስለ ሁለተኛ ደረጃ የሚላትንም ሰምቻታለሁ። እውነቱን ነው፤ አልገባሁም። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ግን ሳቄ መጣ። ይሄ ልጅ ቤት ውስጥ ቀና ብሎ አያየኝም እያልኩ እኮ ነበር የምኖረው። ሳላውቀው አንድ ሳይቀረው ነው የሚያየኝ።»

«ነገሩት?» አልኳቸው።

«ልነግረው አስቤ ነበር። ካወቀ ይተዋል ብዬ ፈራሁ። ለሙሉጌጥ ብቻ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ ፊልሞን እንዲህ አያደርግም ብላ ሳታምነኝ ሞተች። ኋላ ኋላ እኔም ተጠራጠርኩ። የሚመሰክርልኝ ሰው አልነበረኝም።» የጠሀን እጅ ያዙ። «እግዚአብሔር ይስጥህ። እውነት ነበረ ማለት ነው።»

ጠሀ እጃቸውን ሳመ።

ከዚያ በኋላ ሔኖክ ፕሮግራሙን አጥፎ ኪሱ ከተተው። የሸዋንግዛው እኅት «የእኔስ ወንድም? እሱም እንዲህ ያለ ነገር አላደረገም?» ብላ ጠየቀች። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ተነሣ። ሸዋንግዛው ጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ላይ ዐይኑን ገልጦ እንደሚተኛ፣ አንድ ቀን ሲጠየቅ ከእንቅልፉ ባንኖ «አሜን» እንዳለ ተነገረ። እኅቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ምሳው ቀዘቀዘ፤ ማንም አላስታወሰውም።

ስንለያይ ካሰች አጎቷን ሳይሆን የገዛ አባቷን የምትይዝ ይመስል ክራባታቸውን እያስተካከለች፣ «ዛሬ ያወሩትን ያህል በዓመትም አውርተው አያውቁም» አለችኝ።

በማግሥቱ ስልካቸው ላይ ግሩፑን አስገባችላቸው። መጻፍ ይከብዳቸዋል፤ በድምፅ ነው የሚልኩት። ሐይቁ እንዴት እንደሞላ ይነግሩናል፤ ዝናቡ ከዘገየ ይነግሩናል፤ አቮካዶው ሲደርስ «መጥታችሁ ውሰዱ» ይላሉ። ለዒድ ጠሀ ቤት ሄደው ከሰዓት በኋላውን እዚያ ዋሉ፤ ልጆቹ እስካሁን «አባባ መቼ ይመጣሉ?» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን አመመኝ ብለው ሲልኩ ከክፍላችን ሐኪም የወጣውም፣ ዳኛውም፣ ሔኖክም የየራሱን መድኃኒት አዘዘ። «እኔ የምሰማው ሩሀማን ነው» አሉና ሁሉንም ዝም አሰኙ።

ከትናንት ወዲያ ቅባቱን ይዤላቸው ሄድኩ። ዛፉ ሥር ተቀምጠን ብዙ ተጫወትን። ስለ ፊልሞን አላነሣንም። ካሰች ልታገባ ነው፤ ያወራነው ስለ ሠርጉ ነው። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ማን እንደሚጠራ ሲያስቡ ከርመዋል። መጋረጃውን ጠሀ ራሱ መጥቶ እንደሚሰቅል ነገሩኝ። እኔን ደግሞ በሠርጉ ቀን የሴቶቹን ወገን መስተንግዶ እንድይዝላቸው ጠየቁኝ፤ እሺ አልኳቸው።