የወጌሻው ልጅና የራጁ አምፖል

በ1923 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ አጥንት የተሰበረበት ሰው የሚወሰደው ወደ አንድ ቤት ነበር፤ ወደ ወጌሻው ኦቦ መርዳሳ። ከዓለም ጤናም ከአርሲ ነገሌም በቃሬዛ ይመጡላቸዋል። ኦቦ መርዳሳም ስማቸው እስከ የት እንደሚሰማ ያውቃሉ፤ አረማመዳቸውም ይናገር ነበር።

ሴት ልጃቸው ዘርፉ ግን የምትሠራው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚገኘው የሚሲዮን ሕክምና ቤት ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ከአገሩ ያረጀ የራጅ መሣሪያ ለምኖ አስመጥቶ፣ አያያዙን አስተምሯታል። አባቷ አልከለከሏትም፤ የሕክምና ቤቱን ደጃፍ ግን ረግጠው አያውቁም። ሰው ስለ እሷ ሲጠይቃቸው «ደኅና ናት» ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

ጥቅምት ላይ ሎሚ የምትባል የእህል ነጋዴ ከአርሲ ነገሌ ስትመጣ በቅሎዋ ደንብራ ጣለቻት። ኦቦ መርዳሳ ቀኝ ክንዷን ዳሰሱ፤ ስብራቱን አገኙት፤ አቃንተው በቀርከሃ ስንጥር አሰሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲያዩት ግን ልባቸው አልወደደውም። እብጠቱ አልጎደለም፤ ሎሚም መዳፏን ወደ ላይ ማዞር አቃታት።

«ጣቴ አንድ ስብራት ነው ይለኛል፤ ክንድሽ ግን ሌላ ነገር አለ ይላል» አሏት። «እብጠቱ ክርንሽን ሸፍኖብኛል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ኦቦ? በቅሎ የምጭነው በዚህ እጄ ነው።»

ኦቦ መርዳሳ ጋቢያቸውን አጣፉ። «ተነሺ፤ ልጄ ዘንድ እንሂድ።»

ዘርፉ አባቷን በር ላይ ስታያቸው ወንበር አመጣች። ሐኪሙ መድኃኒት ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዷል። ከመሄዱ በፊት የራጁን አምፖል ሞክሮት እንቢ ቢለው «አርጅቷል፤ አዲስ እስኪመጣ አትመኪበት» ብሏት ነበር።

አባቷ እንደ ቅል የተነፋውን የአምፖሉን ብርጭቆ ዞረው ዞረው አዩት።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ጥቂት አየር ብቻ፣ አባባ። የቀረው በፓምፕ ተመጦ ወጥቷል። ድሮ ጀርመን አገር አንድ ብርጭቆ ነፊ እንዲህ አየሩ በሳሳ ቱቦ ኤሌክትሪክ ቢሰድበት በቀለም አበራ። ሰው ለብዙ ዘመን እንደ መጫወቻ ያየው ነበር። በኋላ አንድ መምህር አየሩ ይበልጥ ሲሳሳ ሥጋን አልፎ የአጥንትን ጥላ የሚጥል ጨረር እንደሚወጣው ደረሰበት። የሚስቱን የእጅ አጥንት ከነቀለበቷ አነሳው።»

«ከነቀለበቷ?»

«ከነቀለበቷ።»

በወፍጮ ቤቱ ሞተር የተሞሉትን ባትሪዎች አገናኘችና መሣሪያውን ከፈተች። ብልጭታው በአምፖሉ ውጭ እየዘለለ ተንጣጣ፤ ብርጭቆው ግን እንደጨለመ ቀረ።

«እንቢ አለሽ» አሉ አባቷ።

«ውስጡ የቀረችው አየር በሥራ ብዛት አለቀች። አየር ሲበዛ አይሆንም፤ ጨርሶ ሲጠፋም ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት ያጣል።» በአምፖሉ ጎን የወጣች ቀጭን የብረት ቧንቧ አሳየቻቸው። «ይቺ ስትግል ከእሳቱ ጋዝ ጥቂት ታስገባለች። ሐኪሙ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ እሱ ቆሞም አድርጌዋለሁ። ብቻዬን ግን ሞክሬው አላውቅም።»

«ብርጭቆው ቢሰነጠቅስ?» አለች ሎሚ።

«ያኔ ሌላ የለንም።»

ዘርፉ የአልኮል ኩራዟን ለኩሳ ወደ ቧንቧዋ አስጠጋች። ብረቱ ሲቀላ ኩራዟን መለሰችና መሣሪያውን ሞከረች። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እሳቱን ከመጠን ካሳለፈችው ጋዙ ይበዛና አምፖሉ ሰማያዊ ሆኖ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ብረቱን ደግማ አጋለችው፤ ኩራዟንም ካለፈው ቶሎ መለሰች። በዚህኛው ግን ግማሽ ብርጭቆው እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ በራ፤ ሳይርገበገብም ጸና።

ሎሚ ክንዷን በጥቁር ወረቀት በተጠቀለለው የፎቶ መስታወት ላይ አስቀመጠች። ኦቦ መርዳሳም እንዳይነቃነቅ ሊይዙላት እጃቸውን ዘረጉ።

«እጅዎን ያንሱ፣ አባባ።»

«እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል?»

«የአሸዋ ከረጢት ይይዘዋል። ይህ ጨረር ደጋግሞ ያገኘውን እጅ ያቆስላል፤ ጣታቸው የተቆረጠ ሐኪሞች አሉ። የርስዎን እጅ አገር ይፈልገዋል።»

በሰው ፊት እንዲህ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። እጃቸውን ሰብስበው እሷ ባመለከተቻቸው የእርሳስ መከለያ ጀርባ ከአጠገቧ ቆሙ።

ዘርፉ አንስታ ስትጨርስ መስታወቱን በጨለማ ክፍል አጥባ፣ ውኃው ሳይንጠፈጠፍ ወደ መስኮቱ አመጣችው። አባቷ ጎንበስ ብለው አዩ። እሳቸው ያቃኑት ስብራት እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። «ይቺ የኔ ናት» አሉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ክርኑ ሄደና ቆመ። የክንዱ ሁለተኛ አጥንት ጫፍ ከጎድጓዱ ወጥቶ ወደ ጎን ተኝቷል።

«ወልቋል» አሉ ዝግ ብለው። «እብጠቱ ሥር ተደብቆብኝ ነው። አሁን አወቅሁት።»

ዘርፉ የሎሚን ክንድ ከላይ ያዘች። አባቷ ሳቡ፤ መዳፏን ወደ ሰማይ አዞሩ፤ በአውራ ጣታቸው ክርኗ ላይ ተጭነው ክንዷን አጠፉ። ሎሚ ነጠላዋን ነከሰች። አጥንቱ ገባ ሲል ሦስቱም ሰሙት።

«አሁን ደግመሽ አንሺው» አሉ ኦቦ መርዳሳ። በሁለተኛው መስታወት አጥንቱ ከጎድጓዱ ገጥሞ ተቀምጦ ነበር። እሳቸው ግን ስዕሉን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ ብርጭቆ ሊሰነጠቅ ሲችል እጅሽ አልተንቀጠቀጠም።»

«ከእርስዎ አይቼ ነው» አለች ዘርፉ።

ሐኪሙ ሲመለስ ሁለቱን መስታወቶች አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ኦቦ መርዳሳ ቤት ድረስ ሄዶ እጅ ነሳ። ሎሚም ሁዳዴ ሳይገባ በቅሎዋን ራሷ ጭና አዳማ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ከአርሲ ነገሌ ቃሬዛ ሲመጣ ኦቦ መርዳሳ ከደጃፋቸው ላይ ያስቆሙታል። «መጀመሪያ ጣቢያው ጀርባ ውሰዱት፤ ልጄ ትየው» ይላሉ። መንገዱን የማያውቅ እንግዳ ሲሆን ደግሞ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ ስለ ልጃቸው እስኪጠይቃቸው ሳይጠብቁም ራሳቸው ያወሩለታል።