ዓይኑን የሸፈነው እጅ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ነፋስ የቀላቀለ ካፊያ የጥርስ ክሊኒኩን መስኮት ይመታ ነበር።

መስታወት ቆራጩ ለመነሳት እንዲያመቸው አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ግራ ጉንጩ እስከ ዓይኑ ሥር አብጧል። ከዚህ ቤት ሁለት ጊዜ ሸሽቷል፤ አንዴ ከደጃፉ፣ አንዴ ከሕክምናው ወንበር ላይ። ትናንት ሐኪሟ በስልክ ነገሩን አላለሳለሰችለትም። እብጠቱ ወደ አንገቱ ከወረደ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ጥርሱ ዛሬ መነቀል አለበት።

«ጉልበትህን ያዘው፤ ወለሉን ልታፈርሰው ነው» አለችው አጠገቡ የተቀመጠች ታላቅ እህቱ።

«እትዬ፣ ዝም በይ።»

«ዝም ካልኩማ ትሮጣለህ። ባለፈው ያን ነጭ ጨርቅ አንገትህ ላይ እንዳሰርክ አስፋልት ስትሻገር፣ ሰው ምን እንዳለ ልንገርህ?»

«ምን አለ?»

«ከፀጉር ቤት ያመለጠ ነው አለ።»

ሊስቅ ሲል ጉንጩ ወጠረው።

ምኑን ትፈራለህ ያለው ሰው ቢኖር መርፌውን ይል ነበር። ግን ሥራ ቦታው፣ መዳፉ ውስጥ የገባ የመስታወት ስባሪ በወረንጦ ሲወጣለት፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከታል። ባልደረቦቹ አንጀተ ደንዳና ይሉታል። ፍርሃቱ ለራሱም አይገባውም፤ ስለማይገባውም ይብስበታል።

ተጠሩ። ክፍሉ የቅርንፉድ ዘይት ይሸታል። ሐኪሟ ጭንብሏን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬስ እስከ መጨረሻው አብረን እንቆይ ይሆን?» አለችው።

«እግሬን ይጠይቁት፣ ዶክተር።»

ወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ መብራቱ ፊቱ ላይ ወረደ። ሐኪሟ መርፌውን ስታነሳ እህቱ ወደ ራስጌው ተጠጋችና መዳፏን ዓይኑ ላይ አሳረፈች። በቤታቸው ደንቡ ይኸው ነበር፤ እሾህ ሲወጣም፣ ቁስል ሲታጠብም ዓይን ይሸፈናል።

«አትይ፣ የኔ ጌታ። ካላየኸው አይሰማህም።»

ጨለመ። ጣቶቹ የወንበሩን መደገፊያ አነቁት። ባለፈው ከወንበሩ ዘሎ ሲወርድም ይህ መዳፍ ዓይኑ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ጥርሱ ቤት ውስጥ በጉጠት ሲነቀል፣ ያኔ ትንሽ የነበረው ይኸው መዳፍ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ሸፍኖት ነበር። አባታቸው «ወንድምሽ እንዳያይ ዓይኑን ያዥው» ብሏት፣ እሷም ስለምትወደው አጥብቃ ይዛው ነበር። ብረቱ መጣ ሲል ይቀራል፤ ቀረ ሲል ይመጣል። ሕመሙን ፈጽሞ አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው በጨለማ ውስጥ መጠበቁን ነው።

አንድ እግሩ ከወንበሩ ወረደ።

«አንተ ልጅ» አለች እህቱ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ትሞትብኛለህ።»

«እጅሽን አንሺልኝ፣ እትዬ።»

«ልታየው?»

«ልየው።»

እጇን አነሳች፤ ካነሳችው በኋላ ግን የት እንደምታደርገው ጠፋት። እሱ ወደ ሐኪሟ ዞሮ መስታወት እንዳላት ጠየቀ። ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው።

«የመስታወቱ የጀርባ ቅብ ተልጧል» አለ። «ሌላ እቆርጥልዎታለሁ።»

«መጀመሪያ አፍዎን ይክፈቱ። ሳልነግርዎ አልነካዎትም። ግራ እጅዎን ካነሱ አቆማለሁ።»

መርፌው ሲቀርብ አየው። ድዱ ውስጥ ሲገባም አየው፤ አመመውም። ግራ እጁን አነሳ።

ሐኪሟ አቆመች። እጇን ከአፉ አውጥታ ጠበቀች። አልተቆጣችም፤ ሰዓቷንም አላየችም። ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ካፊያው መስኮቱን ሲመታ ይሰማ ነበር። እንድትቀጥል በአንገቱ ምልክት ሰጣት።

መስታወቱን ከፊቱ አላወረደም። ጉንጩ ደንዝዞ፣ መንቀያው ጥርሱን ጨብጦ ሲያወዛውዘው፣ አጥንቱ ሲንቋቋ እየሰማ፣ ከብረቱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። እህቱ ግድግዳውን ተደግፋ የገዛ ዓይኗን ሸፍናለች።

«አለቀ?» ትላለች በየመሃሉ።

«ገና ነው» ትላታለች ሐኪሟ።

«አሁንስ?»

ሐኪሟ መንቀያውን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው። ጥርሱ ሦስት ሥር ነበረው።