ሳይማሩ ዶክተር

ትምህርት ቤታችን ለልጆቹ በጣም ያስባል። ስለዚህ ቀሪ ዕድሜያችንን የምንወስንበት አንድ ሳምንት ሙሉ ሰጠን። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የምንማራቸውን ሦስት የትምህርት ዓይነቶች መርጠን እስከ ሐሙስ ማሳወቅ አለብን፤ የቀረውን ሁሉ ደህና ሁን ብለን እንሰናበታለን። አማካሪያችን ክፍል ድረስ መጥታ፣ «ምርጫችሁ ከወደፊት ሙያችሁ ጋር መገናኘት አለበት፤ ሙያችሁን ደግሞ እስካሁን ማወቅ ነበረባችሁ» አለችን። እሷ ራሷ የተማረችው የአፈር ሳይንስ ነው። ከአፈር ተነስታ እኛ ጋ እንዴት እንደደረሰች የጠየቃት የለም፤ ሰው ይሉኝታ አለው።

እኔ ግን ምን አስጨነቀኝ? የእኔ ነገር ያለቀለት በአምስት ዓመቴ ነው። የአክስቴ ልጅ አፍንጫ ውስጥ የገባ ባቄላ በእናቴ የቅንድብ መንቀያ ጎትቼ አወጣሁ። ባቄላው እንዴት እንደገባ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ዶክተር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ ጠምጥሜ ከጨረስኩ ስንት ዘመኔ።

እናቴ ፀጉር ቤት አላት፤ እኛም የምንኖረው ከጀርባው ባሉት ክፍሎች ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭንቅላት አጥባለሁ። በእኛ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ማሽኑ እየጮኸ ስለማይሰማ እሱም ይጮኻል፣ ሌላውም ይጮኽለታል። የቤተሰባችን ጉዳይ በሙሉ የሚወሰነው ደግሞ አክስቴ ካስክ ውስጥ ባለችበት ሰዓት ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ስለሆነች ያለ እሷ የሚጸድቅ ነገር የለም። አንድ ነገር በተነገረ ቁጥር «ምን አለች?» ትላለች፤ እናቴ ለመንገደኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ትደግምላታለች። ከበራችን ፊት ለፊት ያለው ጎማ ለጣፊ ስለ እኔ የወደፊት ሕይወት ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

«ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ!» አለች አክስቴ ሰኞ ዕለት ከካስኩ ውስጥ። «ጉልበቴን የሚያይልኝ የራሴ ሰው እፈልጋለሁ!»

«ታሪክም እኮ ደስ ይለኛል» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ምን አለች?»

«ታሪክ ደስ ይላታል!» አለች እናቴ።

«ያለፈውንማ እኔ እነግራታለሁ!»

አባቴ ለምሳ ገባ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ማንንም አያሳልፍም፣ ቤት ሲገባ ግን ለሁሉም ቅድሚያ ይሰጣል። «እናትሽ ያለችው ልክ ነው» አለኝ፣ እናቴ ገና አፏን ሳትከፍት።

እውነቱን ልናገር፤ ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም። ባዮሎጂ አልጠላም። ሒሳብ ሲገባኝ ደስ ይለኛል፣ ሳይገባኝ ደግሞ አለቅሳለሁ። ሐኪም መሆን እፈልግ ይሆናል፤ ላልፈልግም እችላለሁ። «እስቲ ትንሽ ልየው» ማለት ግን በእኛ ቤት ከስድብ ይቆጠራል። እናቴ የስንቱን ሴት ፀጉር ስትጠቀልል «ልጄ ዶክተር ናት» እያለች ነው የኖረችው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አላውቅም ብል የማዋርደው እሷን ነው፣ ያውም በደንበኞቿ ፊት። ይህ ያስፈራኝ ነበር፤ በጣም።

ደንበኞቹም ቢሆኑ ነገሩን ከልባቸው ይዘውታል። ራስ ምታቱ፣ ቃሩ፣ የባል ማንኮራፋቱ ሳይቀር ለእኔ ይቀርባል። መድኃኒቴ አንድ ነው፤ «ውሃ ይጠጡ፣ እረፍት ያድርጉ» እላለሁ። እስካሁን የሞተብኝ የለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቴ እንደ ልማዷ ካስክ ውስጥ ሳለች፣ ልብስ ሰፊዋ መጡ። ከእኛ በላይ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሲሰፉ የሚውሉ፣ የደንብ ልብሴን በየዓመቱ የሚያስረዝሙልኝ ዝምተኛ ሴትዮ ናቸው። አንገታቸውን መታጠቢያው ላይ ደገፍ አድርገው ሳጥባቸው፣ ሳሙና የያዘ እጄን ይዘው ከመንጋጋቸው በታች አስነኩኝ።

«ዶክተርዬ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።»

እብጠት ነው። ጠንካራ ነው፤ ስነካው ወዲያ ወዲህ አይልም።

«ያምዎታል?»

«ምንም። ስለማያመኝ ነው የተውኩት።»

«ከጀመረዎት ቆየ?»

«ቆየ እንጂ። እህቴ ሐኪም ቤት ሂጂ ትለኛለች። አንቺ እያለሽልኝ ምን አስኬደኝ? ምንም አይደለም ካልሽኝ እተወዋለሁ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። ዓይናቸውን ጨፍነው መልሴን ይጠብቃሉ። እናቴ የአንዷን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች በመስታወቱ ታየናለች።

«አይዞሽ፣ ልጄ ታይሻለች» አለቻቸው፣ ኩራቷ ፊቷን ሞልቶት። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ውሃ ይጠጡ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልወጣም አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«እ?» አለች እናቴ።

«አላውቅም። ዶክተር አይደለሁም፣ ተማሪ ነኝ። ምን እንደምሆንም አላውቅም። እትዬ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይሂዱ። እባክዎ።»

ካስኩ ብቻ ይጮኻል።

«ምን አለች?» አለች አክስቴ ከውስጡ።

ሴቶቹ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ምን አለች ነው የምላችሁ! ምንድነው አለቻት?»

ለአክስቴ መድገም የእናቴ ሥራ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ስትሠራው ኖራለች። «አላውቅም አለች!» ብላ ጮኸች።

«ምን?»

«አላውቅም አለች! ልጄ ዶክተር አይደለችም! ምን እንደምትሆን አታውቅም!»

ውጭ የጎማ ለጣፊው መዶሻ ቆመ።

እናቴ ወደ ቢጎዲኑ ተመለሰች። ያን ቀን እንደገና አላናገረችኝም። እራት ላይ አባቴ «ልክ ነሽ» የሚላት ቢያጣ አቀርቅሮ በላ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ እናቴ በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰቅላ ልብስ ሰፊዋን ይዛ ሄዳለች። አክስቴ ስትወልድ እንኳን ያልተዘጋ ቤት ነው። እኔ አማካሪዋ ቢሮ ገብቼ ሒሳብ፣ ባዮሎጂና ታሪክ አልኳት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«ይሄ የት ያደርስሻል?»

«አላውቅም» አልኳት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሉት ይቀላል።

«ባንድ እግር ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ገና መሬት ላይ ነኝ።»

ቤት ስደርስ እናቴ ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አልቀየረችም።

«ናሙና ወሰዱላት» አለችኝ። «ውጤቱ ገና ነው። ሐኪሙ ግን ፊቱ አላማረኝም። እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር ብሎ ተቆጣት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምን ትላለች? እኔን አየችኝ።»

አጠገቧ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። ምን እንደመረጥኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ቁጣ ስጠብቅ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ የሰማች አትመስልም። ጫማዋን እያወለቀች እንዲህ አለች፦

«ትናንት ምን ስጸልይ እንደነበር ታውቂያለሽ? ምንም አይደለም እንድትያት። በሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ ብቻ፣ ምንም አይደለም እንድትያት።»

«እኔም ልላቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ» አልኳት።