ዋጋ የጠየቀችው ተከራይ

ማናየሽን ሰይጣን አሳሳታት እንዳልል፣ ሰይጣን ምን በወጣው! ያሳሳታት የገዛ ህሊናዋ ነው። አርፋ ብትቀመጥ ኖሮ ጾሙ ሲፈታ ቤቱ የሷ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማናየሽ እንጅባራ፣ የዱሮ ሰዎች እስካሁን ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ እማማ ደጊቱ ቤት አስራ አንድ ዓመት ተከራይታ ኖራለች። መንገድ ዳር ባለችው ክፍል በማሽን ሹራብ ትሠራለች፤ የእንጅባራ ብርድ ደግሞ ደንበኛ አያሳጣም። ግቢውን በቀርቀሃ ያጠረው፣ ውሃውን ስቦ ያስገባው ባሏ ጢሞቲዎስ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና አሁን የለም። እማማ ደጊቱ እርጅና ሲጫናቸው ዳንግላ፣ ልጃቸው አየነው ዘንድ ገቡ። ሲሄዱ እጇን ይዘው፣ "ይቺ ቤት ካንቺ በቀር ለማንም አትሸጥም። አንቺ ለኔ ልጄ ነሽ" አሏት። ዋጋውንም ራሳቸው ቆረጡላት። ማናየሽ አራት ዓመት ሙሉ አንጀቷን አስራ ያን ገንዘብ ሞላችው። እማማ ግን፣ "በዐቢይ ጾም ማዘጋጃ ቤት ስንከራተት አልውልም፤ ጾሙ ይፈታና መጥቼ እፈርምልሻለሁ" አሉ። እሺ አለች። ምን ትበል?

ማናየሽ ጴንጤ ናት፤ በዚህ መሀል አንድ እሑድ የቸርቿ ፓስተር ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ሰበከ። ቤቷ ገብታም ስብከቱ አልለቅ አላት። ዩኒቨርሲቲው ከመጣ ወዲህ የቤት ዋጋ ጣራ ነካ ሲባል ትሰማለች፤ እማማ የቆረጡላት ግን የዱሮ ዋጋ ነው። "እኝህን ምስኪን እየበላኋቸው ቢሆንስ?" ብላ ተጨነቀች። ልኩን ልወቅና የጎደለውን ልጨምርላቸው አለች። እስቲ አሁን ይሄን የሚል ሰው በዚህ ዘመን ምን ይባላል?

ስልኳን አወጣች። የቤት አድራሻ ሲጽፉለት ግምቱን የሚናገር ገጽ ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ከአንድ ደንበኛዋ ሰምታለች። ከተማውን፣ ቀበሌውን፣ የቤቱን ቁጥር ጻፈች። "ገዥ ነዎት ወይስ ባለቤት?" አላት። ገዥ የሚለውን ብትነካው የሰው ቤት ሁሉ ተደረደረላት። ግምት የሚሰጠው ለባለቤት ብቻ ነው። ተከራይ የሚል ነገር የለም። "እንግዲህ ጌታ ልቤን ያውቃል" አለችና ባለቤት የሚለውን ነካች። ስም አላት፣ ሰጠች። ስልክ አላት፣ ሰጠች። ግምቱ ግን አልመጣም፤ "ባለሙያችን ይደውልልዎታል" ብሎ ዝም አለ።

ባለሙያ ተብዬው አበረ የሚባል ደላላ ነው። ስልኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ ደወለ።

"እመቤት፣ ቤትዎን ሊሸጡ ነው?"

"ማን አለ? ቁጥሬን ከየት አገኘኸው?"

"አድራሻ ጽፎ የፈለገ ሰው ሁሉ ስልኩ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ከፍለን ነው የምናመጣው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጥሩ ገዥ አለኝ፣ አሁኑኑ ይዤው ልምጣ?"

ምናለ ስልኩን ብትዘጋው! እሷ ግን የዋሸች መስሏት ውሸቷን ለማረም ተጣደፈች።

"ኧረ በጌታ፣ የኔ አይደለም! ባለቤቷ እማማ ደጊቱ ናቸው። ዳንግላ፣ ልጃቸው አየነው ወፍጮ ቤት ነው ያሉት። እኔ ዋጋውን ለማወቅ ብቻ ነው።"

"አይዞሽ፣ ገባኝ" አለ አበረ። አንቱታው ወዲያው ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ባጃጅ በሯ ላይ ቆመ። እማማ ደጊቱ፣ አየነው፣ አበረና አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ተጣበው መጥተዋል። ሰውዬው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ የግድግዳውን ልስን በጣቱ ቆረቆረ።

አየነው የአበረን ስልክ ፊቷ ላይ ደቀነ። "ስምሽ ነው? ቁጥርሽ ነው? ባለቤት ነኝ ያልሽውስ? እናቴ በቁሟ እያለች ቤቷን ልትሸጪ!"

"እማማ፣ ይስሙኝ! ዋጋው አንሶብዎት እንደሁ ብዬ ነው። ልጨምርልዎት ብዬ!"

"አያችሁልኝ!" አየነው አጨበጨበ። "ማነሱን ታውቃለች! እያወቀች ነው እናቴን ልትበላት የነበረው!"

እውነቱን ስትናገር ሌባ ከሆነች ምን ልትል ነው? አበረ በበኩሉ ሰውዬውን እያዞረ፣ "ውሃው ግቢ ውስጥ ነው፣ አጥሩም ጠንካራ ነው" እያለ የጢሞቲዎስን የእጅ ሥራ ያሻሽጣል። ወደ እሷም ዞር ብሎ፣ "የኪራይ ክፍል እፈልግልሻለሁ፣ ኮሚሽኑንም እቀንስልሻለሁ። ይሄን ሥራ ያመጣሽልኝ እኮ አንቺ ነሽ" አላት። በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

ወንዶቹ ጓሮውን ሊያዩ ሲሄዱ እማማ ደጊቱ ሹራብ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ። ማናየሽ እግራቸው ላይ ወደቀች። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በአዊኛ ነውና በአዊኛ ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ አስራ አንድ ዓመት ያውቁኛል። ቤትዎን ልሸጥ ነበር ብለው ያምናሉ? ካመኑ ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ እወጣለሁ።"

አሮጊቷ ጸጉሯን ዳበሱት።

"አላምንም፣ ልጄ" አሉ፣ በዚያው በአዊኛ። "አንቺ እንኳን ቤት የሰው መርፌ አትነኪም። ግን ምን ላድርግ፣ ዋጋውን ሰማሁት።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ወንዶቹ ከጓሮ ሲመለሱም ሁሉም እንዲሰማ፣ ጮክ ብለው በአማርኛ፣ "ይቺን ሌባ በዚህ ሳምንት አስወጡልኝ" አሉ።