አረፋ የጠፋበት ጠርሙስ

አረፋው የት ገባ? ጠርሙሱን ብንጠው ብንጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። አጠገቡ ያለው ግን እስከ አንገቱ አረፋ ሞልቶ ይኮራብኛል።

የልጅ ልጄ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ናት። ከድንጋይ ከሰል በሚወጣው ጥቁር ቅጥራን የልብስ ሳሙና እሠራለሁ ብላ ከተነሣች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሳንባዋ ቢጠቁርስ? እጇ ቢላጥስ? ባሌ ግን፣ «አንሶላሽን በጥላሸት ልታጥብልሽ ነው፤ ተዘጋጂ» እያለ ይሥቅብኛል።

እሷን የሚያንገበግባት ወንዙ ላይ ተቆልሎ አልሄድ ያለው የድሮው ሳሙና አረፋ ነው። አዲሱ ካልተሳካ አለቃዋ ሥራውን ሊዘጋባት ነው። ላብራቶሪው እድሳት ላይ ስለሆነ የወንዝ ውሃ በሁለት ጠርሙስ ቀድታ፣ አንዱ ላይ የድሮውን፣ አንዱ ላይ አዲሱን ሳሙና ጨምራ ኩሽናዬ መስኮት ላይ ደረደረችው። «እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት ነቅንቂና አረፋውን እይልኝ። ክዳኑን እንዳትነኪ!» ብላኝ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደች።

አየሁላት። የአዲሱ አረፋ እያደር ሳሳ፤ ዛሬ ጭራሽ ድራሹ ጠፋ።

«ገደልሽው» አለ ባሌ።

«እኔ ምን አደረግሁት?»

«አየሽዋ! ያንቺ ዓይን ደግሞ!»

የልጅ ልጄ አለቃዋ ፊት ከምታፍር፣ ከራሴ ሳሙና ቆንጠር አድርጌ ልጨምርበት ወሰንኩ። ክዳኑን ልይዝ እጄን ስዘረጋ በሩ ተከፈተ፤ እሷው ናት።

«አረፋውስ?» አለች ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«መጀመሪያ ቁጭ በይ። ሥራ እንደሆነ ሌላ ይገኛል፤ አንቺ ብቻ ጤና ሁኚልኝ...»

ጠርሙሱን አንሥታ ናጠችው። ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው። ከዚያ ጮኸች። እኔም አብሬ ጮህኩ። ላባብላት ብዬ ሳቅፋት፣ ወገቤን ይዛ ታሽከረክረኝ ጀመር።

«በልተውታል፣ እማዬ! ውሃው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ሙልጭ አድርገው በልተውታል! እኮ እንዲጠፋ ነው የምንፈልገው!»

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ልቤን ልታቆሚው ነው?»

«ብነግርሽማ ‹ቶሎ ጥፋ› እያልሽ ስትንጪው ታድሪ ነበር!»

«ቀስ በይ፣ ሌላ ሚስት የለኝም» አለ ባሌ፤ እሱም ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

«አሁኑኑ ለአለቃዬ ላሳየው» ብላ ሁለቱንም ጠርሙስ በፎጣ ጠቀለለች። እኔ ስለ ምሳዋ፣ ስለ ካፖርቷ፣ ስለሚያዳልጠው ደረጃ ስለፈልፍ ጉንጬን ሳመችኝና፣ ጠርሙሶቹን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።