የባላምባራስ ሁለተኛ ዓይን

ባላምባራስ ተሻገር ሠዓሊውን ወልደ ሰንበትን የሰደቡት በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ነው። ካህናቱ ቆመው ነበር፤ ከእስቴ የመጡ እንግዶችም ነበሩ። «ይሄ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ የድጓ ትምህርት ጀመረ፣ ጥሎ ወጣ። የኔንም ሥዕል ጀመረ፣ ይኸው ተኝቶበታል» አሉና በዱላቸው ጫፍ አመለከቱት። ሰው ሳቀ። ማን በጥርሱ፣ ማን በሆዱ እንደሳቀ ወልደ ሰንበት እስከ ዛሬ ለይቶ ያውቃል።

አሁን ሰዳቢው አፈር ገብተው፣ ተሰዳቢው በለቅሷቸው ዳስ ውስጥ ንፍሮ በእፍኙ ይዞ ተቀምጧል። ለምን እንደመጣ ራሱም አልገባው። ሊያዝን? ሰው እንዳያማው? ወይስ ጠላቱ በእርግጥ እንደሌሉ ሊያይ?

አልቃሿ ደጊቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ደረቷን እየመታች ሙሾውን አወረደችው።

«ከማርያም እግር ሥር ቦታ ተይዞለት፣
ቀለሙ ሲዘገይ አፈር ደረሰለት።»

ዳሱ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ንፍሮውን መልሶ በእፍኙ ጨበጠው።

ነገሩን የማያውቅ አልነበረም። በጣሊያን ጊዜ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ባላምባራስ ናቸው። ያሠራ ሰው ደግሞ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍቶ ሲማጠን ይሣላል፤ የአገሩ ወግ ነው። ወልደ ሰንበት ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ሥሏል። ገብርኤልን ከሠለስቱ ደቂቅ ጋር ሥሏል። ይሁዳን እንኳ ከነከረጢቱ ጨርሷል። ያቺ ከእመቤታችን እግር ሥር ያለች ቦታ ብቻ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ነጭ ሆና ቀረች። መጀመሪያ ግድግዳው አልደረቀም አለ። ቀጥሎ ሙጫው አልያዘም አለ። በመጨረሻ ሰማያዊው ቀለም ከንፋስ መውጫ አልመጣም ብሎ አረፈው።

በዚህ መሀል የንፋስ መውጫው ነጋዴ አብዱረዛቅ ሊያስተዛዝን ገባ። ወይዘሮ ሐረገ ወይንን፣ የሟቹን ባለቤት፣ ጎንበስ ብሎ አጽናንቶ ከወልደ ሰንበት አጠገብ ተቀመጠ። ክፋት የሌለው ሰው ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ነው።

«ሠዓሊ፣ ያ ሰማያዊ እንዴት ሆነልህ?» አለ ድምፁን ሳይቀንስ። «አምና ክረምት ሳይገባ ያመጣሁልህ?»

ጎረቤት ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰም አደረገ።

«ጠጥቶት ይሆናል!» አለች ደጊቱ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ቀርቶ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ወልደ ሰንበት ቀና አላለም። በልቡ አብዱረዛቅን ከሰዳቢዎቹ ተርታ አስገባው፤ ደጊቱንም ከጎኑ።

ባላምባራስ በየሰንበቱ ይመጡ ነበር። ከሥዕሉ ፊት ዱላቸውን ተደግፈው ይቆሙና ባዶዋን ቦታ አይተው «ዛሬም አልደረስኩም?» ይላሉ። እሱ ብሩሹን ሳያነሣ፣ በዓይኑ ጠርዝ ብቻ እያየ፣ «ይደርሳሉ ጌታዬ» ይላል። የሳቸውን ጥያቄ አሽሙር ነው ብሎ ይይዘዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ቃሉን እንደገና ያላምጠዋል። እንግዲህ ቂም ነው ያዘገየው? ቂም ቢሆንማ ይሁዳን በሳቸው መልክ ሥሎ በተገላገለ። ታዲያ አለመቻል ነው? ገብርኤልን የሣለ እጅ እንዴት አንድ ሽማግሌ ያቅተዋል? እንዲህ እያለ ቀኑን ይገፋል፤ ቀኑም እሱን ይገፋዋል።

በሣልስቱ ማግስት ጧት ለማንም ሳይናገር ከሰል ይዞ ቤተ ክርስቲያኑ ገብቶ ነበር። እርግማንም ቢሆን ዛሬ ይለቀኝ ብሎ ከባዶዋ ቦታ ፊት ተንበረከከ። የወጣው ግን አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን ነው። በጨርቅ አጠፋው። ደግሞ ሞከረ፤ እንደገና በጎን ወጣ። በጎኑ፣ ባንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣን ነው፤ አይሁድ ናቸው፤ ይሁዳ ነው። ጻድቅና ተማጣኝ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ይህን የማያውቅ ሠዓሊ የለም። ግራ ጉንጫቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አልረሳትም። ቀኙን ዓይን ግን ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ የለም። ከሰሉን ጥሎ ወጣ።

የዛሬው አመጣጡ ያንን ዓይን ፍለጋ ኖሯል። አሁን ገባው መሰለው፤ ወይም አልገባውም። ብቻ ሰዉ ሲሳሳ ተነሥቶ ከወይዘሮ ሐረገ ወይን አጠገብ ተቀመጠ።

«እሜቴ።»

«አቤት ወልደ ሰንበት።»

«የባላምባራስ ቀኝ ዓይን... እንዴት ነበር?»

«እንዴት ነበር ማለት?»

«ከግራው ያንስ ነበር? ቅንድቡስ እንዴት ነው?»

ሴትዮዋ ያለቀሱበትን ፊታቸውን ቀና አድርገው አዩት። የተቆጡ አይመስሉም፤ እሱ ደግሞ ቁጣ ለምዶ ነበር።

«ካህናቱ ሌላ ሠዓሊ ይምጣ ሲሉ እምቢ ያሉ እሳቸው ናቸው፤ ታውቃለህ? ቤት ገብተው ‹ዛሬ የገብርኤልን ክንፍ ጨረሰው፤ እንዴት ያለ ክንፍ መሰለሽ!› ይሉኝ ነበር። እራት ሳይቀርብላቸው ክንፉን ያወሩ ነበር።»

 ወልደ ሰንበት ይህንን የት ያስቀምጠው? ከስድቡ በላይ ነው ከስድቡ በታች?

«በፊቴ ብለውት ቢሆን» አለ።

«በፊትህማ ‹ዛሬም አልደረስኩም?› ነበር የሚሉህ። ቀልዳቸው ነው። አንድ ቀን ይስቅልኛል ይሉ ነበር።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «በል ቅር አይበልህ። የጎንደሩን ሠዓሊ አስጠርቻለሁ፤ ሰንበት ይገባል። ለአርባው መድረስ አለበት።»

«የጎንደሩ ሰው መልካቸውን አያውቅም!» አለ ወልደ ሰንበት፤ ድምፁ ከፍ ብሎ እሱንም አስደነገጠው።

«እሱስ አላያቸውም» አሉ ወይዘሮ ሐረገ ወይን። «አንተስ? ያን ሁሉ ዘመን ፊትህ ሲቆሙ ምን ስታይ ኖርክ?»

ተነሣ። ደጊቱ አንድ ነገር ወርወር አደረገች፤ አልሰማትም። አብዱረዛቅ «ሠዓሊ፣ ተቀየምከኝ እንዴ?» አለው፤ አለፈው። ከአጥሩ በር ሲደርስ ቆሞ ኩታውን ገፈፈ። ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ የሥጋ ዘመድ እንደሚለብሰው አዘቅዝቆ ለበሰው።

ከስማዳ ለቅሶ ለመድረስ የመጣ አንድ እንግዳ ሰው በሩ ላይ አገኘው። የኩታውን አለባበስ አይቶ ዱላውን ዝቅ አደረገና እጅ ነሣው።

«እግዜር ያጥናህ ወንድሜ» አለው። «ምንህ ናቸው?»

ወልደ ሰንበት ሰውዬውን ከፊት ለፊት፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያም ቁልቁለቱን ወረደ።