የአራት ቁጥር አልጋ ዝምታ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋና ስድስት ሞኒተር አለ፤ ጫጫታው ግን የስድሳ ነው። ዋናዋ ነርስ ሃያ ዓመት ስለሠራችበት፣ ኮሪደር ላይ ቆማ የትኛው አልጋ ምን እንደፈለገ በድምፁ ብቻ ትለያለች። «ይሄ ሁለት ቁጥር ነው፤ ጣቱ ላይ የሚቆነጥጠው ነገር ወልቋል። ያ ደግሞ አምስት ቁጥር፤ ግሉኮሱ አልቋል» ትላለች። ሄደው ሲያዩ እንዳለችው ነው። በዚህ የተነሳ ሠራተኛው ሁሉ «ጆሮ» ይላታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ይህን ቅጽል ስም ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ያን ሰሞን ግን የአራት ቁጥሩ ሞኒተር ጆሮን ራሷን አሰልችቷት ነበር። አራት ቁጥር ላይ የተኙት ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። በከባድ የሳንባ ምች ገብተው፣ ዘጠኝ ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ከርመው፣ ቱቦው ከወጣላቸው አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሳንባቸው ድኗል። ችግሩ ወዲህ ነው፦ ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ የልብ ምታቸው ከሃምሳ በታች ይወርዳል፤ ያኔ ሞኒተሩ ውሃ ቀጠነ ብሎ ይጮሃል። ፖስተኛው ይባንናሉ። ሲባንኑ ምታቸው ከፍ ይላል፣ ሞኒተሩም ዝም ይላል። ሊያሸልቡ ሲሉ እንደገና ይጮሃል። ነርሶቹ እየመጡ ማጥፊያውን ተጭነው ይሄዳሉ፤ ከመልመዳቸው ብዛት ፊታቸውን እንኳ ወደ በሽተኛው አያዞሩም።

እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ደግሞ መቃዠቱ አይቀርም። ፖስተኛው አንሶላቸው ላይ የሌለ ደብዳቤ ሲለዩ ይውላሉ። ይህስ ባልከፋ። የከፋው ባለቤታቸውን አለማወቃቸው ነው። «እመቤቴ፣ ተራዎን ይጠብቁ፤ የእርስዎ ደብዳቤ ገና አልመጣም» ይሏቸዋል። ባለቤታቸው «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ብለው ይወጡና ኮሪደር ላይ ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ጆሮ እዚያው ኮሪደር ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ የጋሼ ልብ ድሮም እንዲህ ዝግ ይል ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ! ብቻ ሠላሳ አምስት ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድል ኖሯል፤ ዳገት አይል፣ ቁልቁለት አይል። ከተጋባን ጀምሮ ደረቱ ላይ ነው የምተኛው። ልቡ አንዴ መትታ እስክትደግም እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል።» ፈገግ አሉና መልሰው እንባቸውን ጠረጉ። «ስሜን ጠርቶ አያውቅም፣ ታውቂያለሽ? ልጅት ነው የሚለኝ። ጥርሴ ረግፎም ልጅት ነኝ። ይኸው አሁን ደግሞ ለእመቤትነት በቃሁ።»

ጆሮ ብድግ አለች። ሞኒተሩ የሚጮህባትን፣ ሃምሳ የምትባለውን ቁጥር ፋብሪካው ነው ለሁሉም ሰው ብሎ የሞላት፤ ሞኒተሩ ከተገጠመ ወዲህ ማንም ነክቷት አያውቅም። ስድስቱ አልጋ ላይ የአንድ ሰው ልብ የተኛ ይመስል! ያን ሁሉ ዓመት ድምፁን ስትለይ ኖራ ቁጥሩን አንድ ቀን ሳትጠይቅ በመቅረቷ በራሷ በገነች።

ቁጥሩ ይውረድልኝ ብላ የሄደችበት ወጣት ሐኪም ያለ «እስኪ» ንግግር አይጀምርም።

«እስኪ እናስብበት፣ ሲስተር። ወሰኑን ወደ አርባ አውርደነው ልባቸው በእውነት ቢደክምስ? እርስዎ ኃላፊነቱን ይወስዳሉ?»

«የልብ ምርመራቸውን አይተኸዋል፣ ንጹሕ ነው። ምቱ ሲወርድ ደም ግፊታቸውም ኦክስጅናቸውም ንቅንቅ አይልም። የብስክሌተኛ ልብ ነው፣ አይቸኩልም። አርባ አድርግልኝ፤ ዓይኔን ከሳቸው አልነቅልም።»

«እስኪ ነገ ጠዋት…»

«ዶክተርዬ፣ ዛሬም ካልተኙ ልጅት የምትባለው ሴት ጨርሳ ትጠፋባቸዋለች።»

ሐኪሙ ልጅት ማን እንደሆነች አላወቀም። የጆሮን ፊት ሲያይ ግን እስኪ ሳይል ፈረመ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቁጥሩ አርባ ሆነ። አራት ቁጥርም ጸጥ አለ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን እንደያዘች በሩጫ ገባች። ከኋላዋ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ የመሣሪያ ጠጋኙ ከነመፍቻው።

«አረፉ እንዴ?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ዝም አለ እኮ! እኔ አምስት ቀን በሱ ጩኸት ነው የምወለውለው፤ ሲቆም እጄም አብሮ ቆመ።»

«ምላስሽን ሰብስቢ!» አለች ጆሮ በሹክሹክታ። «እያንኮራፉ ነው።»

እውነትም ፖስተኛው አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ሞኒተሩ ላይ አርባ አራት ይላል። ወንበሩ ላይ ባለቤታቸው አንገታቸውን ዘመም አድርገው ከባላቸው ጋር እየተቀባበሉ ያንኮራፋሉ። ሦስቱ ሰዎች እንደ ሌባ በጣታቸው እየረገጡ ወጡ። ሐኪሙም «እስኪ ልያቸው» እያለ አምስት ጊዜ ተመላለሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጆሮ የአምስት ቁጥሩን ግሉኮስ ለመቀየር ጀርባዋን ሰጠች። ያኔ ነው የጮኸው። ይህኛው የለመዱት ጩኸት አይደለም፤ ሳይቆራረጥ የሚወጣው፣ ልብ ቆማ መስመሩ ቀጥ ሲል ብቻ የሚሰማው ነው። አራት ቁጥር! አርባ ያስባለችው እሷ ናት። ሁለት እርምጃ የማይሞላው መንገድ ዓመት ሆነባት።

ዞር ስትል ፖስተኛው በክርናቸው ቀና ብለው፣ በአልጋው ብረት ላይ ተንጠራርተው ብርድ ልብሳቸውን ለባለቤታቸው እያለበሱ ነው። አንዱን ጫፍ በሴትየዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ፤ ሌላውን ጉልበታቸው ድረስ ሳቡት። የደረታቸው ሽቦዎች ተነቃቅለው አልጋው ጎን ተንጠልጥለዋል። ሞኒተሩ ሞተዋል እያለ ይጮሃል።

ጆሮ በሃያ ዓመት ሥራዋ ቀጥ ያለ መስመር አይታ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያውም እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ። ሐኪሙና የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን በርግደው ሲገቡ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

ፖስተኛው ግን የተናደዱ ይመስላሉ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በግንባራቸው ወደ ሞኒተሩ አመለከቱ።

«ሲስተር፣ እባክሽ ይሄን ነገር ዝም አሰኚልኝ» አሉ። «ልጅትን ይቀሰቅስብኛል።»